ልብሱ እዚህ ይሰፋል፤ ክሱ የት ይሰማል?

መርፌና ክር

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ግሎባላይዜሽን ሲነሳ ወሬያችን ስለ ስልክ፣ ስለ ሙዚቃና ስለ ኳስ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ሕግ ላውራ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ፋብሪካ፣ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። አሁን በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ እማራለሁ። አንድ ነገር ይከነክነኛል። እዚያ ሸድ ውስጥ ማሽን ላይ የተቀመጠችውን ልጅ የሚገዛት ሕግ የማን ነው?

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አለ። የገዢው ብራንድ የሥነ ምግባር ደንብ አለ፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ዕቃው እስከ 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባበት የነበረው አጎዋ የሚባለው የአሜሪካ ሕግ አለ። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነቶች አሉ። ሁሉም ስለ እሷ ያወራሉ። እሷ ግን የቱን ይዛ ወዴት እንደምትሄድ የነገራት የለም።

ኦዲተር ሊመጣ ሲል የእሳት ማጥፊያው ይወለወላል። መተላለፊያው ላይ የተከመረው ካርቶን ይነሳል። ልጆቹ ምን ብለው እንደሚመልሱ ይነገራቸዋል። ኦዲተሩ ስለ ሥራ ሰዓት ይጠይቃል፣ ስለ ሽንት ቤት ይጠይቃል፣ የአደጋ ጊዜ በሩን ከፍቶ ያያል። ደመወዙስ ያኖራል ወይ ያለኝ ኦዲተር ግን አንድም አልገጠመኝም። ደንቡ የሚለው «የአገሩን ዝቅተኛ ደመወዝ ክፈል» ነው። አገሩ ደግሞ ለግል ፋብሪካ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረውም። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ራይት ይደረግና ይታለፋል።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የሐዋሳ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያው ጥናት ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207፣ ቻይና 326 ነው። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወጣ። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ትልቁ የፓርኩ ገዢ፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች፣ በኅዳር 2014 በእኛ አቆጣጠር ለቅቄያለሁ ሲል ግን የተቆረጠ የደመወዝ ወለል አልነበረም።

እና ጥያቄዬ፦ ልብሱ ድንበር ይሻገራል፣ ትርፉም ይሻገራል። የልጅቷ አቤቱታ የሚሻገርበት መንገድ አለ ወይ? እውነት የሠራበት አገር የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ቀበና

የተለጠፈው ደንብ ያልሽው አሳቀኝ። እኛም ጋ ነበር፤ በእንግሊዝኛ። ሰፊዎቹ የሚያወሩት ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ ነው።

ባለጉዳይ

መርፌና ክር፣ የሠራበት አገር ካልሽኝ ባንግላዴሽን ነው የማሳይሽ። ግን የሠራው ከስንት ሬሳ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ዳካ ዳርቻ፣ ሳቫር ላይ ራና ፕላዛ የሚባል ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ ፈረሰ። የላይኞቹ ፎቆች ያለ ፈቃድ የተደረቡ ነበሩ። በዋዜማው ግድግዳው ተሰነጠቀ። ታች ያሉት ባንክና ሱቆች ዘጉ። የልብስ ፋብሪካዎቹ አለቆች ግን በማግስቱ ሠራተኛውን ግቡ አሉት። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ።

ልብ በይ፤ አገሩ የሕንፃም የሠራተኛም ሕግ ነበረው። ከፋብሪካዎቹ አንዳንዶቹ አንቺ የምትይውን ዓይነት ኦዲት አልፈው ነበር። ኦዲተሩ ምሰሶ አይመረምርማ!

ከዚያ ምን መጣ? አኮርድ የሚባል ውል። ከ200 በላይ ብራንዶች በአንድ ወገን፣ ኢንዱስትሪኦልና ዩኒ ግሎባል የተባሉት ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ከአገሬው ማኅበራት ጋር በሌላ ወገን ሆነው ፈረሙ። በመልካም ፈቃድ የሚፈጸም ቃል ኪዳን አልነበረም፤ ሕጋዊ ግዴታ የሚጥል ውል ነው። መሐንዲሶች ፋብሪካውን ያያሉ። ሪፖርቱ ለሕዝብ ይወጣል። ጥገናው ገንዘብ ካነሰው ብራንዱ ገንዘቡ የሚገኝበትን መንገድ ያመቻቻል። አልጠግንም ካለው ፋብሪካ ጋር ንግድ ይቋረጣል። በዚህ መንገድ ወደ 1,600 ፋብሪካዎች ታዩ፤ 2 ሚሊዮን ያህል ሠራተኛ የሚሠራባቸው።

እኔን ከሁሉ የሳበኝ ክሱ የሚሰማበት ቦታ ነው። ውሉ ጠብ ከተነሳ በግልግል ዳኝነት ይታያል ይላል። ፍርዱም ብራንዱ ባለበት አገር ፍርድ ቤት ይፈጸማል። ይህ እኮ ነጋዴዎች ለራሳቸው የሠሩት መንገድ ነው! የ1958ቱ የኒውዮርክ ስምምነት ኩባንያ ኩባንያን ሲከስ ፍርዱ ድንበር እንዲሻገር ነው የተፈረመው። ማኅበራቱ ያንኑ መንገድ ተዋሱት። በ2016 ሁለት ብራንዶችን ሔግ ባለው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ከሰሱ። ሁለቱም በስምምነት አለቁ። አንደኛው ብቻውን 2.3 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ አብዛኛው ለፋብሪካዎቹ ጥገና የዋለ። የብራንዶቹ ስም ግን እስከ መጨረሻው ምስጢር ነው። ይህን አልወደድኩትም።

ደላላው ገበያ

26 ዶላር፣ 26 ዶላር... ሰለቸን እኮ። ማንም ልጆቹ ከፋብሪካው በፊት ምን ያገኙ እንደነበር አይጠይቅም። ኢንቨስተሩ ሐዋሳ የመጣው ለሐይቁ ዓሣ አይደለም። ጉልበት ርካሽ ነው፣ መብራት ርካሽ ነው፣ አጎዋ አለ ተብሎ ነው። ወለሉን ከፍ አድርጉና ነገ ኬንያ ይሄዳል።

መርፌና ክር

ደላላው፣ ኬንያማ በዚያ ጥናት 207 ነው የምትከፍለው፤ እዚያ ድረስ ሄዶ ምን ሊያተርፍ ነው? 🙂

ያልከው ግን ግማሹ እውነት ነው። ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ የመጡ ልጆች ነበሩን። ብዙዎቹ በእጃቸው ደመወዝ ሲቀበሉ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። አንዷ ታናሽ ወንድሟን ታስተምር ነበር። ሥራው ይቅር ያለ የለም። ግን አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተውም አይበቃቸውም። ስለዚህ ይለቃሉ። ያ ጥናት እንዳለው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይተካሉ። እኔ ሳሠለጥን ነው የኖርኩት። አንዷ እጇ ሊፈታ ሲል ትሄዳለች። ርካሽ ያልከው ጉልበት ለአሠሪውም ርካሽ አልነበረም።

ባለጉዳይ

አንድ ልጨምር፣ ደላላው። የባንግላዴሽ ዝቅተኛ ደመወዝ ራና ፕላዛ ሲፈርስ 3,000 ታካ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ 5,300 ሆነ፣ በ2018 8,000፣ በ2023 መጨረሻ 12,500። የልብስ ኤክስፖርቱ በእነዚያ ዓመታት በእጥፍ ገደማ አደገ። ገዢው አልሸሸም። ገነት ሆነ ማለቴ አይደለም፤ በ2023 ሠራተኛው 23,000 ጠይቆ ነው ሰልፍ የወጣው። በዚያ ሰልፍ ሰው ተገድሏል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

አጎዋን ስላነሳችሁ ከዚህ ከአሜሪካ የታየውን ልንገራችሁ።

አጎዋ ስምምነት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ብቻውን ያወጣው ሕግ ነው። መስፈርቱን የሚጽፉት እነሱ፣ የሚለኩት እነሱ፣ የሚያስወጡትም እነሱ። ሰብአዊ መብትና የሠራተኛ መብት በመስፈርቱ ውስጥ ተጽፈዋል። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የወጣችው በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል ተብሎ ነው። እዚህ ያለነው ዳያስፖራ ያኔ ለሁለት ተከፍለን ነበር። ገሚሱ «አስወጡ» ብሎ ሰልፍ ወጣ፣ ገሚሱ «አታስወጡ» ብሎ። የኔን ወገን አልናገርም፤ ወሬው ወደ ሌላ ይሄድብናል።

ግን አንድ ነገር ሁላችንም እናያለን። ጥሰቱን ፈጸመ የተባለው አካል የስፌት መኪና አልነበረውም። ሥራ ያጣችው የሐዋሳዋ ልጅ ናት። ሰልፉ ላይም የለችም፣ ችሎቱም ላይ የለችም። ለነገሩ ችሎት ራሱ የለም፤ የፕሬዚዳንት አዋጅ ነው።

ቀበና

ሲልቨር፣ ታዲያ ምን ይደረግ ነበር? ዝም ይባል?

ሲልቨር ስፕሪንግ

ዝም ይባል አላልኩም። ቅጣቱ በሰው ላይ ይሁን፤ በንብረቱ፣ በቪዛው። እንዲህ ዓይነት ማዕቀብ እኮ እዚህ አገር አለ። አገር ሙሉ ከገበያ ማስወጣት ለወሰነው ሰው ቀላል ነው፤ ምንም አያስከፍለውም። ለሚቀበለው ነው ከባዱ።

የወንጂ ጡረተኛ

ልጆች፣ ስታወሩ ነገሩ ሁሉ ትናንት የተጀመረ አስመሰላችሁት። ኢንዶኔዥያ ይሠራ የነበረ ኤች ቪ ኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ አገሩ ነጻ ከወጣ በኋላ እኛ ጋ መጣ። ወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው በፈረንጁ 1954 ነው። እኔ የተወለድኩት እዚያው ካምፕ ነው። መሬቱ የአርብቶ አደር ግጦሽ ነበር። በኋላ መተሐራ ሲተከል ደግሞ ከረዩዎቹ የበጋ ሣራቸውንና የአዋሽን ዳር አጡ። የሚከሱበት ፍርድ ቤት? ማን ተብሎ!

የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም በሕግ የተፈቀደው በፈረንጁ 1962 ነው። በዓመቱ ኢሠአማ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ተመሠረተ። ወንጂ ቀድመው ከተደራጁት አንዱ ነበር። እና አንድ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ወረቀት ላይ የሰፈረ መብት ሁሉ ወንጂ የደረሰው ማኅበሩ ሲጠነክር ነው፤ ማኅበሩ ሲፈርስ ወረቀቱ ይቀራል። አሁን ይህች ልጅ ስለ ፓርኩ ስትጽፍ ስለ ማኅበር አንድ መስመር አልጻፈችም። ነበራችሁ?

መርፌና ክር

ጋሼ፣ አልነበረንም። በእኔ ጊዜ በኛ ፋብሪካ ስሙ ሲነሳ ሥራ አስኪያጁ «የሠራተኛ ካውንስል አለን» ይል ነበር። ካውንስሉ ስለ ምሳና ስለ ሰርቪስ መኪና ያወራል። ስለ ደመወዝ አያወራም። የአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ኢሠማኮ ዝቅተኛ ደመወዝ ይቆረጥ እያለ ሲጮህ በሬዲዮ ነው የምንሰማው።

ፋሃሂል

ከኩዌት ነው የምጽፈው። እናንተ ልብስ ወደ ውጭ ሲላክ እያወራችሁ ነው። እኛ ራሳችን ተልከናል።

እዚህ አገር በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የቤት ሠራተኞች ሕግ አለ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀደም ካሉት ነው። የሳምንት ዕረፍት አለው፣ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ አያሠራም፣ ፓስፖርት መያዝ ክልክል ነው፣ ስትጨርሺ ለየዓመቱ የአንድ ወር ደመወዝ ይሰጥሻል። ሳነበው አለቀስኩ፤ ጥሩ ሕግ ነዋ። ግን ክሱ የሚቀርበው ቢሮ ነው። ከቤት ካልወጣሽ እንዴት ትከሻለሽ? ሳታስፈቅጂ ከወጣሽ ደግሞ ማዳም «ጠፍታለች» ብላ ታመለክታለች። ያኔ ተከሳሿ አንቺ ነሽ። መኖሪያ ፈቃዴ በአሠሪዬ ስም እስከታሰረ ድረስ ሌላው አንቀጽ ጌጥ ነው።

በጥቅምት 2006 በእኛ አቆጣጠር የኛ መንግሥት ጉዞውን ሲከለክል ሰው መሄዱን አላቆመም። መንገዱን ለወጠ እንጂ፤ በሱዳን፣ በየመን። ያ እገዳ ለዓመታት ቆየ። ሕጋዊው በር ሲዘጋ የከበረው ደላላው ነው። (አንተን አይደለም፣ ደላላው ገበያ።)

ደላላው ገበያ

ሃሃ፣ ስሜን ልቀይረው ነው።

እሺ፣ ለባለጉዳይ አንድ ጥያቄ። አኮርድ የተባለው ብራንዱ በፈቃዱ ከፈረመ ነው። ካልፈረመስ? ብራንዱን አገሩ ድረስ ሄዶ መክሰስ አይቻልም?

ባለጉዳይ

ይቻላል፤ ግን ግድግዳው ብዙ ነው። በኔ አስተያየት ይህ የወሬያችን ዋና ቦታ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ካራቺ ውስጥ በ2012 አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ትልቁ ገዢ ኪክ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ነበር። ተጎጂዎች ዶርትሙንድ ድረስ ሄደው ከሰሱ። የጀርመን ችሎት ነገሩን የሚዳኘው በፓኪስታን ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ይርጋው፣ ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አልፏል ተባለ። በ2019 መዝገቡ ተዘጋ፤ ኪክ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው ሳይነካ። የራና ፕላዛ ተጎጂዎችም ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ላይ ሎብሎ የተባለውን የካናዳ ቸርቻሪ ከሰው በባንግላዴሽ ሕግ ይርጋ ነው ትልቁ ክፍል የወደቀባቸው። አስቡት። ዕቃው ሲሸጥ የካናዳ ነው፣ ሰው ሲሞት የባንግላዴሽ።

የተከፈተ በርም አለ። ዛምቢያ፣ ቺንጎላ ያሉ ገበሬዎች የመዳብ ማዕድኑ ወንዛችንን በከለው ብለው የማዕድኑን እናት ኩባንያ ቬዳንታን ለንደን ላይ ከሰሱ። በ2019 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እዚህ ይታያል አለ። ምክንያቱን ልብ በሉት። የዛምቢያ ዳኞች አይረቡም አላለም። ገበሬዎቹ ጠበቃ የሚከፍሉበት ገንዘብ የላቸውም፣ ለእንዲህ ያለ ክስ የመንግሥት የሕግ ድጋፍ አያገኙም፣ ካሸነፍክ ክፈለኝ የሚባለው ውልም እዚያ አይፈቀድም ነው ያለው። ፍትሕ የቀረው በኪስ ነው። ነገሩ በ2021 በድርድር አለቀ።

ሦስተኛው ለኛ ይቀርባል። የቢሻ ወርቅ ማዕድን፣ ኤርትራ። በብሔራዊ አገልግሎት ስም በግዳጅ ሠራን ያሉ ኤርትራውያን ኔቭሰን የተባለውን የቫንኩቨር ኩባንያ ከሰሱ። በ2020 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 ክሱ ይቀጥል አለ። ባርነትንና የግዳጅ ሥራን የሚከለክለው የዓለም አቀፍ ልማዳዊ ሕግ (አገሮች በልማድ እንደ ግዴታ የተቀበሉት ሕግ) ኩባንያንም ሊያስጠይቅ ይችላል ማለቱ ነው። እዚህም በዚያው ዓመት ታረቁ፤ የተከፈለው ምስጢር ነው።

ፈረንሳይ በ2017፣ ጀርመን ከ2023 ጀምሮ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች የአቅራቢዎቻቸውን ነገር እንዲከታተሉ የሚያስገድድ ሕግ አላቸው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 አጸደቀ። በ2025 ደግሞ መተግበሪያ ጊዜውን ገፋው፤ ለንግዱ ከባድ ነው ተብሎ።

ቀበና

ኩባንያው መንግሥትን ሲከስስ? እሱም ለዓመታት በር ያንኳኳል?

ባለጉዳይ

ቀበና፣ እዚህ ነው ሚዛኑ የሚታየው። የኢንቨስትመንት ስምምነት ካለ በሩ ክፍት ነው። ቬዮሊያ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እስክንድርያ ላይ ቆሻሻ የማንሳት ውል ነበረው። በ2012 ግብፅን በዓለም ባንክ ሥር ባለው የኢንቨስትመንት ግልግል ማዕከል ከሰሰ። ካነሳቸው ነገሮች አንዱ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለጨመራችሁ ወጪዬ ናረ የሚል ነው። ግብፅ በ2018 አሸነፈች። ፊሊፕ ሞሪስም ኡራጓይን በሲጋራ ፓኬት ማስጠንቀቂያ ከሶ በ2016 ተሸንፏል። ግን ስድስት ዓመት ጠበቃ እየከፈለ ማነው ያሸነፈው? አንዳንድ ሚኒስቴር ይህን አይቶ ሕጉን ከመነሻው ያለዝባል። ወለሉ ለምን አይቆረጥም ስትሉ ይህንንም አስቡት፤ ብቸኛው ምክንያት ነው ግን አልልም። የኛው ባለሥልጣናትም ርካሽ ጉልበት አለን ብለው በብሮሹር ሲያስተዋውቁ ማንም አላስገደዳቸውም።

ኢትዮጵያ የዚያን ማዕከል ስምምነት በ1965 ፈርማለች፤ አላጸደቀችውም። ይህ ብቻውን አያድናትም፤ ሌሎች የግልግል መንገዶች አሉ።

የወንጂ ጡረተኛ

ባለጉዳይ፣ ጥሩ አስረድተሃል። ግን ከተናገርካቸው ሁሉ ሰው ሳይሞት የተጀመረ አንድም የለም። ጠበቃውም ከፈረንጅ አገር ነው። የኛዎቹ ጠበቆች የት አሉ?

ባለጉዳይ

እውነት ነው ጋሼ። አኮርድ ላይ ግን የባንግላዴሽ ማኅበራት ራሳቸው ፈራሚ ናቸው። ፓኪስታንም በኋላ ተመሳሳይ ውል አግኝታለች። ማኅበር በሌለበት የሚፈርም እጅ የለም። እዚህ ላይ እርስዎ ያሉት ልክ ነው።

መርፌና ክር

አመሰግናለሁ፤ ለመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ አገኘሁ መሰለኝ። የመጨረሻ ጥያቄ ለባለጉዳይ። ኢትዮጵያ የኒውዮርክን ስምምነት በ2012 በእኛ አቆጣጠር በአዋጅ ቁጥር 1184 አጽድቃለች። ነገ እንደ አኮርድ ያለ ውል ለሐዋሳ ቢፈረም ይህ ይጠቅመናል? አባል ስትሆን ለንግድ ጉዳይ ብቻ ብላ ገደብ አስቀምጣለች። የሠራተኛ ውል ደግሞ ንግድ አይባልም።

ባለጉዳይ

ገደቡን ማየትሽ ጎበዝ ነሽ። ግን አይጨነቅሽ። ያ ገደብ የሚነሳው ፍርዱ ኢትዮጵያ ውስጥ ይፈጸም ሲባል ነው። አንቺ የምትፈልጊው ገንዘቡ ያለበት አገር እንዲፈጸም ነው፤ ጀርመን፣ ስዊድን፣ አሜሪካ። ስለዚህ የየአገሩን ገደብ ለየብቻ ማየት አለብሽ። የአሜሪካን ቀድመሽ እይ፤ እሷም የንግድ ገደብ አላት። ውሉ ሲረቀቅ ግንኙነቱ የንግድ ነው የሚል አንቀጽ ይግባበት። ከዚያ በፊት ግን ጋሼ የጠየቁሽን መልሺ፤ በሠራተኛው በኩል የሚፈርመው ማነው?

መርፌና ክር

እሱን ቅዳሜ ከቀድሞ ልጆቼ ጋር እናወራዋለን። ሦስቱ አሁንም ፓርኩ ውስጥ ናቸው።